አባትን ማክበርና እውነትን መመርመር

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በካናዳ ምዕራባዊ ሜዳማ አገር የየመንደሩ ሰዎች ያሳተሟቸውን የታሪክ መጻሕፍት ስመረምር ሰነበትሁ። አልበርታና ሳስካችዋን በ1905 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ግዛት የሆኑበት 75ኛ ዓመት በ1980 ሲከበር ብዙዎቹ ታተሙ። በ1872ቱ የመሬት ሕግ ሰፋሪ 10 ዶላር ከፍሎ 160 ኤከር ይመራ ነበርና፣ የቅድመ አያቱን ዱካ የሚፈልግ ሰው መንደሩን፣ ጎረቤቱንና ትምህርት ቤቱን በእነዚህ ገጾች ያገኛል። ይህ ትልቅ ውለታ ነው።

ነገር ግን ቤተ ሰቡ ስለ ራሱ የጻፈው ነውና ድካሙ ይነገራል፤ ዕዳውና ጠቡ ይዘለላል። ብዙ ጊዜም ምድሪቱ ሰው ያልነበረባት ትመስላለች፤ በ1876 ስድስተኛውን ውል ከተዋዋሉት መካከል የሆኑት የክሪ ሕዝቦች ግን አስቀድመው ይኖሩባት ነበር። ስለዚህ የቤተ ሰቡን ቃል ከመሬት መዝገቡ ጋር ማመሳከር ይገባል፤ በዚያ ሰፋሪው ያረሰውን መሬትና የከብቱን ቁጥር ገልጦ ፈርሟል።

እኔም በመምህርነቴ ዘመን ተማሪዎቼ የአባታቸውን ታሪክ ሲጽፉ ሙገሳውን ብቻ አርሜ እመልስ ነበር፤ የተዘለለውን አልጠየቅሁም። ያ ጥፋቴ ነው። አንተ ግን ጠይቅ። እውነት ሙታንን አያዋርድም፤ ሐሰት ግን ሕያዋንን ያሳስታል።