ቀኑ ከየት ይቆጠራል?

ለትንንሽ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ገንዘብ ለሚያወጡ ሰዎች የአቅራቢ ውል አነባለሁ። ስብሰባ ላይ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ዕቃው መቼ ይገባል?» ነው። ሥራ አስኪያጁ «በ90 ቀን» ይላል፤ ሁሉም ማስታወሻው ላይ ያሰፍራል። እኔ ውሉን ገልጬ ቆጠራው ከየት እንደሚጀምር እፈልጋለሁ።

ባለፈው የተወያየንበት ድርጅት በስልክ የሚታዘዝ የሶላር ውኃ ፓምፕ ይገጣጥማል፤ ሞተሩን የሚገዛው ከአገር ውስጥ አስመጪ ነው። ውሉ «ኤልሲ (የባንክ ሌተር ኦፍ ክሬዲት) ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ» ይላል። አንድ አዛውንት ባለ አክሲዮን «ሰውየውን አውቀዋለሁ፣ አይዋሽም» አሉ። «ጋሼ፣ ሰውየው አልዋሸም፤ ኤልሲው ገና አልተከፈተም» አልኳቸው። ባንኩ ዶላር እስኪፈቅድ ድረስ አስመጪው አንድ ቀን እንኳ አልዘገየም።

ፓምፑን የሚጠብቁት በስያደብርና ዋዩ ወረዳ የደነባ ገበሬዎች ናቸው። የአካባቢው መረሬ አፈር ክረምት ላይ ውኃ ይተኛበታል፤ መስኖ የበጋ ሥራ ነው። ጥር ላይ የታሰበ ፓምፕ ሰኔ ላይ ቢደርስ፣ በወረቀት አምስት ወር ይባላል፤ ለገበሬው ግን ዓመቱ አለቀ። ስለዚህ ለደንበኛ የተገባው ቀንና ከአስመጪው የተገኘው ቀን አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ይጻፉ አልኩ። ባለ አክሲዮኖች ይህን ገጽ አይወዱትም፤ መቼ ወደውት ያውቃሉ!

የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ «ከአቅም በላይ» የማይል የአቅራቢ ደብዳቤ አላየሁም ማለት ይቻላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን እንዲህ ቸር አይደለም። ተዋዋዮቹ በግልጽ ካልተስማሙ በቀር፣ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናርም ሆነ ግዴታን የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣቱ በአንቀጽ 1794 ከአቅም በላይ ኃይል አይባልም። ውሉን እንዳይፈጸም የሚያደርግ የመንግሥት ክልከላ ሌላ ነው፤ እሱን አንቀጽ 1793 ያነሳዋል።

ሥራ አስኪያጁ «በየቀኑ እደውላለሁ» ብሎ ተከራከረ። ግን አቅራቢው ውሉን አልፈጸመም ለማለት የዚሁ ሕግ አንቀጽ 1772 ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል፤ ጊዜው ሳይደርስ ደግሞ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ኤልሲው ሳይከፈት የተደወለው ሁሉ ወሬ ነው። ስለዚህ ደብዳቤ ከመጻፍ ይልቅ ውሉን ለማሻሻል ተቀመጥን። አስመጪው ኤልሲ የሚከፍትበት የመጨረሻ ቀን ገባበት፤ ካለፈ ቅድሚያ ክፍያው ይመለሳል። ቀሪው ገንዘብ የሚለቀቀው ደግሞ ሞተሩ ደነባ ደርሶ ከጉድጓድ ውኃ ሲስብ ነው። አስመጪው በመጀመሪያው ተስማምቶ በሁለተኛው ላይ እስካሁን እየተከራከረ ነው።