70 ሳንቲ ሜትር ክር

ገጹ ሲከፈት የሚታየው ጥቂት ነገር ነው። ከላይ ማንጠልጠያ፣ ከማንጠልጠያው የወረደ ቀጭን ክር፣ ከክሩ ጫፍ ላይ አንድ ሰማያዊ ክብደት። ክሩ 0.70 ሜትር ነው። ክብደቱ 1.00 ኪሎ ግራም። ምንም አይንቀሳቀስም። እንኳን ደህና መጡ የሚል ጽሑፍ የለም፤ መጀመሪያ ይህን አድርግ፣ ቀጥሎ ያንን የሚል መመሪያም የለም። ተማሪው ክብደቱን ይዞ ወደ ጎን ሲጎትተው የማዕዘኑ ልክ በዲግሪ ይወጣለታል። ሲለቀው ይወዛወዛል።

ይህ በኮምፒውተር የሚሠራ የፊዚክስ ሲሙሌሽን ፔንዱለም ላብ ይባላል። የሠራው ፌት የተባለው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው። ቡድኑን እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ካርል ዊማን ናቸው። ፌት የሚያዘጋጃቸው ሲሙሌሽኖች በነጻ የሚገኙ ናቸው። የአሠራር ልማዳቸው ልብ ይባል። ገና ያላለቀውን ሥራ ተማሪ ፊት ያስቀምጡና የምታስበውን ጮክ ብለህ ተናገር ይሉታል። እነሱ አጠገቡ ተቀምጠው እጁ ወዴት እንደሚሄድ፣ የቱ ጋ እንደሚያመነታ ያያሉ። ያመነታበትን ቦታ በማብራሪያ አይሞሉትም፤ ሥዕሉን ወይም ቁልፉን ይቀይሩታል። የመክፈቻው ገጽ ባዶነት ከዚህ የመጣ ነው።

ባዶነቱን በደንብ የሚረዳው በፕላዝማ የተማረ ሰው ይመስለኛል። በ1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባው፣ በፕላዝማ ስክሪን የሚታየው የሳተላይት ትምህርት ይጠይቅ ነበር፤ ግን አይጠብቅም ነበር። በስክሪኑ ላይ ያሉት መምህር ጥያቄ ያቀርባሉ፣ ጥቂት ሰከንድ ያልፋል፣ መልሱ ይመጣል፣ ትምህርቱ ይቀጥላል። የኋላው ወንበር ላይ ያለው ልጅ እርሳሱን ሳያነሳ ምዕራፉ ያልቃል። እዚህ ግን ተማሪው ካልነካው ክብደቱ እስከ ማታም ቢሆን ቆሞ ይውላል።

ወደ መሣሪያዎቹ እንምጣ። በመጀመሪያው ገጽ ማስመሪያ አለ፣ ስቶፕዎች አለ፣ አንዱን ደርሶ መልስ በመስመር ተከትሎ የሚያሳይ ምልክትም አለ። መስመሩ ውዝዋዜው ከየት ተነስቶ የት እንደሚያበቃ ያሳያል፤ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ግን አይናገርም። ሰከንዱን ራሱ ቆጥሮ የሚሰጠው መሣሪያ ያለው ላቦራቶሪ በተባለው ሌላ ገጽ ነው። ሠሪዎቹ ሁለቱንም መጀመሪያ ላይ ማስቀመጥ አላቃታቸውም ነበር። ተማሪው ግን ስቶፕዎቹን በእጁ ከፍቶ ሲዘጋ፣ አንዱን ውዝዋዜ መለካት ከአሥሩ ይልቅ ለስህተት እንደሚያጋልጥ ይደርስበታል። አሥር ቆጥሮ ለአሥር ማካፈልን ማንም ሳይነግረው የሚጀምር ልጅ አለ።

ሁለተኛ ፔንዱለምም መጨመር ይቻላል። እዚህ ላይ አገጣጠሙ ያምራል። ርዝመትና ክብደት ለእያንዳንዱ ፔንዱለም ለየብቻ ይስተካከላሉ፤ ስበትና ሰበቃ ግን ለሁለቱም አንድ ናቸው። ስለዚህ አንዱን ጨረቃ ላይ፣ ሌላውን መሬት ላይ ሰቅሎ ማምታታት አይቻልም። ማቆሚያውን ተጭኖ ሁለቱንም በእኩል ማዕዘን ካዘጋጁ በኋላ ማስጀመሪያው ሲነካ እኩል ይነሳሉ። አንዱ 0.10፣ ሌላው 1.50 ኪሎ ቢሆንም ሰበቃ እስከሌለ ድረስ ሳይቀዳደሙ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይመለሳሉ። ከባዱ ይፈጥናል ብሎ የተወራረደ ተማሪ ዝም የሚልበት ቦታ ነው።

ከዚያ ርዝመቱ ይመጣል። 1.00 ሜትር ክር አንዱን ደርሶ መልስ በ2.01 ሰከንድ ይጨርሳል። ጊዜውን በግማሽ ለማሳጠር ክሩን በግማሽ መቁረጥ አይበቃም፤ ወደ ሩብ፣ ወደ 0.25 ሜትር መውረድ አለበት። አንባቢ ማሲንቆን ያስብ። አዝማሪው ጣቱን አሳርፎ የሚርገበገበውን ጭራ ሲያሳጥር ድምፁ ይቀጥናል፤ እዚያ ግን ግማሹ ላይ ሲደርስ የርግብግቡ ፍጥነት በትክክል እጥፍ ይሆናል። በሁለቱም የሚያጥረው ክር ነው፣ ሕጉ ግን ይለያያል።

ከሁሉም በላይ ያከበርኩት የማዕዘኑን ነገር ነው። የመማሪያ መጽሐፍ ቀመር ውዝዋዜው ሰፋም ጠበበም ጊዜው አንድ ነው ይላል። ጋሊሊዮም ይህንኑ ነበር የሚያምነው። ቀመሩ ግን የሚሠራው ለትንሽ ማዕዘን ብቻ ነው። ሠሪዎቹ አቋራጩን ቀመር ተጠቅመው ቢጨርሱት ኖሮ አብዛኛው ተጠቃሚ አያውቅባቸውም ነበር። አላደረጉትም። 70 ሳንቲ ሜትሩ ክር በ10 ዲግሪ ሲለቀቅ 1.68 ሰከንድ ይፈጃል። በ90 ዲግሪ ሲለቀቅ ወደ 1.98 ይጠጋል። ልዩነቱ 18 በመቶ ነው። መምህሩ በሰሌዳው ላይ የጻፉት ቀመርና ስክሪኑ ሲጋጩ ልጁ ማንን እንደሚያምን መወሰን አለበት። ክፍሉ መመራመር የሚጀምረው ያኔ ነው።

አንድ የሚጎድለው ነገር ግን አለ። በስክሪኑ ላይ መሬት አንድ ቁጥር ብቻ ናት፤ 9.81። ይህ የፓሪስ ቁጥር ነው ቢባል ያስኬዳል። በደቡብ ወሎ ያለችው ሐይቅ ከተማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ11 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ብላ የምትገኝ ናት፤ አጠገቧ ያለው ሐይቅም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ለወገቡ መቅረብም ከፍታም ስበትን ይቀንሳሉ። እዚያ ቁጥሩ ወደ 9.78 ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1672 ዣን ሪሼ የተባለ ፈረንሳዊ በፓሪስ የተስተካከለ የፔንዱለም ሰዓት ይዞ ከወገቡ አጠገብ ወዳለችው ካየን ሄዶ፣ ሰዓቱ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ሲቀርበት ያየው ይህንኑ ልዩነት ነው። ሐይቅም ብትሆን ለዚያ ሰዓት ከካየን ብዙም የተሻለች አልነበረችም።

ልዩነቱን በክፍል ውስጥ ለመያዝ መሞከር ይቻላል፤ ሥራው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ድንጋይ አይመችም፣ መሐሉን ማግኘት ያስቸግራል። ከጋራዥ የተገኙ አራት አምስት ዳዶዎች ተደራርበው ቢታሰሩ መሐላቸው ይታወቃል። ክሩ ለመረብ የሚያገለግል ናይለን ሊሆን ይችላል፤ ሐይቁ ዳር አይታጣም። ናይለን ግን ሸክም ሲይዝ ይለጠጣል። ስለዚህ ዳዶዎቹ ከተንጠለጠሉ በኋላ ነው የሚለካው። በምስማር ላይ የተጠመጠመ ክር በየውዝዋዜው ርዝመቱ ይለዋወጣል፤ በሁለት ጣውላ መካከል ተጨምቆ ቢታሰር ማጠፊያው አንድ ቦታ ብቻ ይሆናል። ከዚያ ማጠፊያ እስከ ዳዶዎቹ መሐል 1 ሜትር። በመቶ ደርሶ መልስ የሐይቁ ፔንዱለም ከስክሪኑ 0.3 ሰከንድ ገደማ ይዘገያል። ክሩ በ3 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢረዝምም ያንኑ ያህል ይዘገያል። ስክሪኑ በትንሽ ማዕዘን ሲወዛወዝ የክፍሉ ማዕዘን 10 ዲግሪ ከሆነም መዘግየቱ ከዚያ አይተናነስም። ስበቱን ከሁለቱ ስህተቶች ለይቶ ማውጣት ነው እንግዲህ የተማሪው ፈተና። ስክሪኑ ላይ ክር አይለጠጥም፣ የሰው እጅ አይዘገይም። ለዚህ ነው ሁለቱ ጎን ለጎን መሠራት ያለባቸው።

ሲሙሌሽኑ ለሐይቅና በዚያው አካባቢ ላለችው ለውጫሌ መምህር ሌላም የሚመች ነገር አለው። አንድ ፋይል ነው። አንድ ጊዜ ከወረደ በፍላሽ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ይሄዳል፣ ያለ ኢንተርኔት በብራውዘር ይከፈታል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በደቡብ ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ንብረታቸውን አጥተዋል። በ2015 መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። እንዲህ ባለ አገር በየቀኑ መስመር የሚጠይቅ የትምህርት መሣሪያ፣ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ የግድግዳ ጌጥ ነው። በገጹ ላይ የሚነበበውም ጥቂት ነው፤ ርዝመት፣ ክብደት፣ ስበት፣ ሰበቃ። በሁለተኛ ደረጃ ሳይንስ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የቃላቱ ማነስ ቀላል ነገር አይደለም።

ከስበት ምርጫዎቹ መካከል መሬት፣ ጨረቃ፣ ጁፒተርና ፕላኔት ኤክስ ይገኙበታል። ፕላኔት ኤክስ የምትባል ፕላኔት የለችም። እሷ ስትመረጥ የስበቱ ማስተካከያ ይሰወርና በቦታው የስበቱ መጠን ስንት ነው የሚል ጥያቄ ይቀመጣል። በሲሙሌሽኑ ውስጥ በግልጽ የተጻፈ ጥያቄ ብዬ ያስተዋልኩት ይህን ብቻ ነው። መልስ መጻፊያ ሳጥን የለውም፣ ትክክል ነህ ብሎ የሚያጨበጭብ የለም። ልጁ ያገኘውን ከጎረቤቱ ካገኘው ጋር ከማስተያየት በቀር ማረጋገጫ የለውም።

መልሱን እዚህ አልጻፍኩትም። ሰበቃውን ዜሮ፣ ክሩን 1.00 ሜትር፣ ማዕዘኑን ከ10 ዲግሪ በታች አድርጉ። አሥር ደርሶ መልስ ለኩና ለአሥር አካፍሉ፤ ያገኛችሁትን በራሱ አባዙት። 39.48ን ለዚያ ቁጥር ማካፈል ብቻ ነው የሚቀረው።