የተንቀሳቃሽ ቴሌስኮፕ ሚዛን በመንዝ ሰማይ ሥር

ምድሩ ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ባለበት በመንዝ ጓሳ፣ ከመስከረም ወዲህ ሰማዩ ሲጠራ ከዋክብትን ለመመርመር የሚሻ ሰው መሣሪያውን በትከሻው ተሸክሞ ወይም በበቅሎ ጭኖ መውጣት ግድ ስለሚሆንበት፣ በገዛ እጅ የተሠራ ቴሌስኮፕ ከመስተዋቱ ጥራት ቀጥሎ የሚፈተነው በሚዛኑ ነው ብዬ አምናለሁ።

በካሊፎርኒያ በቬዳንታ ገዳማት ከ20 ዓመት በላይ በምንኩስና የኖረው ጆን ዶብሰን ያስፋፋው አሠራር፣ ቱቦውን በግራና በቀኝ በተተከሉ ክብ ጆሮዎች አስደግፎ፣ ጆሮዎቹንም በእንጨት ሣጥን ውስጥ በቴፍሎን ላይ የሚያሳርፍ ስለ ሆነ፣ ያለ ሞተርና ያለ ማርሽ ይሠራል፤ ነገር ግን ቱቦው በተዉት ስፍራ ጸንቶ ይቆም ዘንድ የክብደቱ ማእከል ከጆሮዎቹ ማእከል ጋር መግጠም አለበት። ይህን ትቶ በሰበቃ ብዛት ቱቦውን ማስቆም፣ ኮከቡን ቀስ ብሎ መከተል በሚያስፈልግበት ሰዓት እጅን የሚከዳ ነውና አልመክረውም።

ብዙ ሰው ከፊት የከበደውን ቱቦ ከኋላ ብረት በማሰር ያቃናዋል። ከጆሮው 90 ሳንቲ ሜትር ርቆ የሚገባ፣ ዓይን የሚቀርብበት 300 ግራም ሌንስ፣ በመስተዋቱ ወገን በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት የሚመጥነው 900 ግራም ነው፤ ይህም ሁሉ አቀበቱን በሰው ትከሻ የሚወጣ ሸክም ነው። ጆሮዎቹ በቱቦው ላይ እንዲንሸራተቱ ሆነው በብሎን የታሰሩ እንደ ሆነ ግን፣ 6 ኪሎ በሚመዝን ቱቦ ላይ ከ4 ሳንቲ ሜትር ጥቂት በለጥ አድርጎ ወደ ፊት ማሳለፍ ያንኑ ሥራ ያለ አንዳች ጭነት ይፈጽመዋል።

የመንዝ ሰማይ ደግሞ የራሱን ፈተና ያመጣል። አገሩ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በዚያው መጠን ብቻ ከፍ ሲል፣ ፀሐይና ጨረቃ ከፕላኔቶች ጋር የሚመላለሱበት ጎዳና ወደ ሰማይ አናት ይቀርባል፤ ስለዚህ ቱቦው ብዙ ጊዜ ሊቆም ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይቀናል። በአግድም ሳለ የረጋው ቱቦ ቀና ሲል ወደ ኋላ ቢያዘነብል፣ ምክንያቱ ሌንሱና ኮከቡን አስቀድሞ የሚያመለክተው ትንሹ መነጽር በላይኛው ጎን ተሰብስበው የክብደቱን ማእከል ከጆሮዎቹ በላይ ስላደረጉት ነውና፣ ጆሮዎቹን ወደዚያው ጎን ጥቂት ከፍ ማድረግ ይገባል። ስለዚህ ሚዛኑ የሚፈተነው፣ የጤዛ መከላከያው ሳይቀር ሁሉም ተገጥሞ፣ በአግድም፣ በ45 ዲግሪና በቁም ነው።

ይህ ሁሉ በቀን ብርሃን፣ በቤት ደጃፍ መፈጸም አለበት፤ ለእያንዳንዱም ሌንስ የጆሮዎቹን ስፍራ በቱቦው ላይ በቀለም ሳይሆን በጉልህ ጭረት ማመልከት ይበጃል፤ በታኅሣሥ ውርጭ የደነዘዘ ጣት ጭረቱን በጨለማ ዳስሶ ሊያገኘው ይችላልና።