ሳብ፦ ቁልፏ ብቻ የቀረላት መኪና

ቦሌ ቡልቡላ ለሚኖር ሰው አውሮፕላን የዕለት ጎረቤቱ ነው። ስለ ስዊድኗ መኪና ስለ ሳብ ልጽፍ ተነሥቼ ዓይኔ አስቀድሞ ወደ ሰማይ ቢያቀና አይፈረድብኝም፤ አገራችንም ሳብን ያወቀችው በአየር ነውና። ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ከጣሊያን ወረራ በኋላ አየር ኃይላችንን ሲያደራጁ፣ ደብረ ዘይት ላይ ሠልጣኞች የሚበሩት በሳብ ሳፊር ነበር፤ ቦምብ ጣዩም ሳብ 17።

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1937 የተቋቋመው ለአውሮፕላን ሥራ ነው። በ1949 ማምረት የጀመረውን ሳብ 92 የነደፉትም የአውሮፕላን ሰዎች ናቸው። አካሏ የክንፍ ቅርጽ ያለው፣ ሞተሯ 25 የፈረስ ጉልበት ብቻ፣ ኃይሏም በፊት ጎማዎቿ ላይ። (ስሟ በአማርኛ ትእዛዝ ይመስላል፤ እውነትም ትስባለች!) ታዲያ ለዚያ ቅርጽ ሲባል የመጀመሪያዎቹ ሳቦች የዕቃ መጫኛ ከውጭ አይከፈትም ነበር። ባለ ሻንጣው በኋላ ወንበር በኩል ይታገል! ጉድለት ነው፤ ግን የራሷ ጉድለት ነው፣ ከማንም አልተዋሰችውም።

የኋላ ኋላ የሞተር ማስነሻ ቁልፏ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል መቀመጡ መታወቂያዋ ሆነ። ጀነራል ሞተርስ በ1990 ግማሹን፣ በ2000 ሙሉውን ያዘ። ከዚያ የወጣችው 9-7ኤክስ ከመሠረቷ ሼቭሮሌት ናት፤ ቁልፏን ግን ወንበሮቹ መካከል አድርገውላታል። ይህ ለእኔ፣ የሌላ ሰው ልብ ወለድ ልቀጥል ብሎ ከባለ ታሪኩ ባርኔጣውን ብቻ ያስታወሰ ደራሲ ሥራ ነው።

መኪና ሠሪው በ2011 ማብቂያ ከሰረ። ስመ ሞክሼው አውሮፕላን ሠሪ ዛሬም ግሪፐንን ያበራል።