የዳራቪ ጕብኝት፤ የሚታየው ሰፈርና የሚነገረው ቃል

የድኾችን ሰፈር በመሪ እየተመሩ መጐብኘት አዲስ ነገር አይደለም። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1880 ዓ.ም. በኋላ የለንደን ባለጠጎች የምሥራቁን ክፍል ችግር በዐይናቸው ለማየት ወደ ኋይትቻፕል ይወርዱ ነበር። ከነዚሁም መካከል ለመዝናናት የሄደ አለ፤ ለመርዳት የሄደም አለ። በ1884 ዓ.ም. የተመሠረተው ቶይንቢ ሆል ግን የዩኒቨርሲቲ ሰዎች በዚያው ሰፈር ተቀምጠው ከነዋሪው ጋር እንዲኖሩ አደረገ። ማየትና ማወቅ የተለያዩ መሆናቸው ያን ጊዜም የታወቀ ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ኀላፊነት ላለው ጕብኝት በምሳሌነት የሚጠቀሰው በሕንድ አገር፣ በሙምባይ ከተማ፣ በዳራቪ የሚደረገው ነው። በ2006 ዓ.ም. ጕብኝቱን የጀመረው ሪያሊቲ ቱርስ የተባለው ድርጅት ከትርፉ ከመቶ 80ውን ለበጎ አድራጎት እንደሚያውል ያስታውቃል፤ ጐብኚዎችም ፎቶግራፍ እንዳያነሡ ይከለክላል። ከመሪዎቹ መካከል የሰፈሩ ልጆች ይገኛሉ። እንግዳው ያገለገለ ፕላስቲክ ሲለይና ሲፈጭ፣ ቆዳ ሲሰፋ፣ በኩምባርዋዳም ከጉጃራት የመጡ የሸክላ ሠሪዎች ዘሮች ጭቃውን ሲያበጁ ያያል።

የዚህ ጕብኝት መልካምነት አይካድም። በ2008 ዓ.ም. «ስለምዶግ ሚልየነር» የተባለው ፊልም ከታየ በኋላ ብዙ ሰው ዳራቪን የቈሻሻና የመከራ ስፍራ ብቻ አድርጎ ሲገምት፣ ጕብኝቱ የሠራተኞች ሰፈር መሆኑን አስረድቷል። ነገር ግን ርኅራኄን በአድናቆት መተካት እውነትን መግለጥ አይደለም። የሠራተኛውን ትጋት የሚያመሰግን አንደበት ስለ ደመወዙ፣ ስለሚተነፍሰው ጢስ፣ ሌሊትም እዚያው በሥራው ቤት ስለሚያድርበት ምክንያት ዝም ካለ፣ ምስጋናው መሸፈኛ ይሆናል።

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» እንደሚባለው፣ መሪው የሰፈሩ ልጅ ከሆነ ነገሩ ሁሉ የተቃና የሚመስላቸው አሉ። ይህ ግን አይበቃም። መሪው ለእንግዳው የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ በሥራው ላይ ካሉት ብዙዎቹ ቋንቋውን አያውቁትም። ስለዚህ ሰውየው በራሱ ደጃፍ፣ በራሱ ፊት፣ ስለ ራሱ የሚባለውን አይሰማም፤ ሐሰት ቢሆን አያርምም፤ እውነት ቢሆንም አይመሰክርም። ፎቶግራፍ መከልከሉ ፊቱን ይጠብቅለታል እንጂ ታሪኩን አይጠብቅለትም።

ይህም ቀላል ነገር አይደለም። በ2022 ዓ.ም. መጨረሻ ዳራቪን አፍርሶ እንደገና የመሥራቱን ጨረታ የአዳኒ ኩባንያ አሸንፏል። በወጣው ደንብ መሠረት ከ2000 ዓ.ም. በፊት ጀምሮ በምድር ቤት መኖሩን በማስረጃ የሚያሳይ ሰው በዚያው በሰፈሩ ነፃ ቤት ያገኛል፤ በፎቅ የሚኖረውና ከዚያ ወዲህ የመጣው ግን ወደ ሌላ ስፍራ ይመደባል። እንግዲህ ማን የሰፈሩ ሰው እንደ ሆነና ማን እንዳልሆነ በሚለይበት ጊዜ፣ ስለ ሰፈሩ የሚነገረው ቃል ከመዝናኛነት አልፎ የቤት ጕዳይ ይሆናል።

ስለዚህ የጕብኝት ኀላፊነት የሚመዘነው በተሰጠው ገንዘብ ብቻ ሊሆን አይገባውም። መሪው የሚናገረው ሁሉ በሂንዲ፣ በማራቲና በታሚል ተተርጕሞ በሰፈሩ ሰዎች ፊት ቢነበብ፣ እነርሱም የሚሰረዘውን አሰርዘው የጐደለውን ቢያስጨምሩ፣ ሚዛኑ ትክክለኛ በሆነ ነበር።

ይህ ሂስ በአስጐብኚ ላይ ብቻ የሚወድቅ አይደለም። የሕዝብን ልማድ የሚያጠና ሊቅም ከጐብኚው የሚለየው ብዙ ቀን በመሰንበቱ ብቻ ከሆነ፣ ልዩነቱ የጊዜ እንጂ የሥራ አይደለም። የጻፈውን የተጻፈባቸው ሰዎች በቋንቋቸው ሰምተው እስኪመልሱለት ድረስ፣ እርሱም ደጃፍ ላይ የቆመ እንግዳ ነው።