የተከፋፈለ ዕውቀት፤ ስለ ይርጋጨፌ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ትምህርት የቀረበ ትችት

ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ክርክር በተነሣ ቁጥር ተማሪው ስንት አመጣ ተብሎ ይጠየቃል እንጂ ምን ተማረ ተብሎ እምብዛም አይጠየቅም። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች መካከል ከመቶ ሃምሳና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ያህል ብቻ መሆናቸው በተገለጸ ጊዜ ሀገር ደነገጠ። ድንጋጤው የሚገባ ነው። ነገር ግን የቀሩት ከ96 ከመቶ በላይ የሚሆኑት ከአሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ምን ይዘው ወደ ቤታቸው እንደ ተመለሱ የመረመረ ጥቂት ነው። እኛ ይህን ጥያቄ በጌዴኦ ዞን በምትገኘው በይርጋጨፌ ምሳሌነት ልንመለከተው አስበናል። ይርጋጨፌን የመረጥንበት ምክንያት በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ዕውቀትና ከክፍል ውጭ ያለው ሥራ እንደዚያ ተቀራርበው፥ እንደዚያም ሳይተዋወቁ የሚኖሩበት ሥፍራ ጥቂት በመሆኑ ነው።

የትምህርቱ አከፋፈል የታወቀ ነው። በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ተማሪው ወይ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይ ወደ ኅብረተሰብ ሳይንስ ይገባል። የመጀመሪያው ፊዚክስ፥ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፥ ሁለተኛው ጂኦግራፊ፥ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይማራል፤ ሒሳብና እንግሊዝኛ የሁለቱም ናቸው። መከፋፈሉን አንነቅፍም፤ አንድን ነገር ጠንቅቆ ለማወቅ ለይቶ ማየት ግድ ነው። የምንነቅፈው የተለያየው ዕውቀት ተመልሶ የሚገናኝበት ሥፍራ አለመኖሩን ነው።

ኬሚስትሪን እንውሰድ። ተማሪው ስለ አሲድ፥ ስለ ኢንዛይምና ስለ መብላላት ይማራል። በመኸር ወራት ቀይ እሸት ቡና በመፈልፈያ መኪና ልጣጩ ከተላጠ በኋላ በገንዳ ውስጥ ለሰዓታት፥ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይቈያል። በፍሬው ላይ የቀረውን አንሸራታች ሽፋን የሚያፈርሱት ዐይን የማያያቸው ሕያዋን ናቸው። ከዚያም ታጥቦ በአልጋ ላይ ተሰጥቶ እርጥበቱ 12 ከመቶ አካባቢ እስኪደርስ ይደርቃል። እናቱ እንሰት ፍቃ ቆጮ ስታብላላም የምትሠራው የዚሁ ዘመድ የሆነ ሥራ ነው። ተማሪው ቀመሩን በእንግሊዝኛ ሲያጠና በእናቱ ጓዳና በቡናው ገንዳ የሚሆነው ያው መሆኑን የሚነግረው ካላገኘ፥ ዕውቀቱ ከፈተና ወረቀት አያልፍም።

ባዮሎጂም እንዲሁ ነው። የሀገራችን ቡና፥ ማለት አረቢካ፥ 44 ክሮሞሶም ሲኖረው ሌሎቹ የቡና ዝርያዎች 22 አላቸው፤ በአብዛኛውም ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ስለ ዘር ውርስ ለሚያስተምር መምህር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከደጁ ምን ሊገኝ ይችላል?

በታሪክና በጂኦግራፊ ረገድ ደግሞ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የተመዘገበውም ትክል ድንጋዮቹ ብቻ ሳይሆኑ ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንሰት፥ ከእንሰቱም መካከል ቡና የሚያድግበት የእርሻ ሥርዐት ጭምር ነው። በ2014 ዓ.ም. የወጣ ጥናት የሳካሮ ሶዶ ትክል ድንጋዮች ቀድሞ ከተገመተው በአንድ ሺህ ዓመት ያህል እንደሚበልጡ አመልክቷል። የታሪክ ክፍል ድንጋዩን፥ የጂኦግራፊ ክፍል አፈሩን፥ የባዮሎጂ ክፍል ዛፉን ለየብቻ ሲይዙት መልክዐ ምድሩ ራሱ ባለቤት ያጣል።

የኢኮኖሚክሱ ነገር ከሁሉ ይልቅ ያሳዝናል። ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ የሚለውን ስም በንግድ ምልክትነት በአሜሪካ ለማስመዝገብ በ1997 ዓ.ም. አመለከተች፤ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ከተደረገው ክርክር በኋላም በ1999 ዓ.ም. ስምምነት ተደረሰ። ስለ ዋጋ፥ ስለ ስምና ስለ ገበያ ኀይል ይህን ያህል የሚያስተምር ታሪክ ያለው ከተማ ጥቂት ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ የመረጠው ልጅ ግን ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ ኢኮኖሚክስ የሚባለውን ስለማይማር፥ አባቱ የሚሸጠውን ቡና ኬሚስትሪ እንጂ ዋጋ አያውቅም፤ ጎረቤቱ ደግሞ ዋጋውን እንጂ ኬሚስትሪውን አያውቅም።

በዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ እንገነዘባለን። በ1950ዎቹ ንግድን፥ እጅ ሥራን፥ የቤት አያያዝንና እርሻን ከቀለም ትምህርት ጋር አጣምረው የሚሰጡ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተቋቁመው ነበር። ወላጆችና ተማሪዎች ግን የእጅ ሥራውን ዝቅ አድርገው ተመለከቱት። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ዘርፍ ጥናትም የድኻውን ልጅ ከከፍተኛ ትምህርት የሚያግድ ነው ተብሎ ተጠረጠረ፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ያቆሙበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ጥርጣሬው ዛሬም ከንቱ አይደለም። የጌዴኦ ምድር ሕዝብ የበዛበት፥ መሬቱም የጠበበ ስለሆነ ልጅ ሁሉ የአባቱን ማሳ ሊወርስ አይችልም። ስለ ቡና ብቻ የተማረ ልጅ፥ ቡና የሚተክልበት ካጣ ወዴት ይሄዳል?

ስለዚህ የምንለው የገበሬ ልጅ ለገበሬነት ብቻ ይማር አይደለም። ኬሚስትሪው ያው ኬሚስትሪ ይሁን፥ መጽሐፉም ለሀገሪቱ ሁሉ አንድ ይሁን፤ ነገር ግን በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የትምህርት ክፍሎቹ አንድ ጉዳይ በጋራ ይያዙ። ለምሳሌ ከቡና ማጠቢያ ወደ ወንዝ የሚወርደው ውሃ ስኳርና አሲድ ተሸክሞ ስለሚሄድ የወንዙን ኦክሲጅን ይጨርሳል። ኬሚስትሪ ውሃውን ይመዝን፤ ባዮሎጂ በወንዙ የሚኖረውን ይቍጠር፤ ጂኦግራፊ ከታች ያሉትን መንደሮች በካርታ ያስፍር፤ ኢኮኖሚክስ የማጣሪያውን ወጪ ማን መክፈል እንዳለበት ይጠይቅ፤ የቋንቋ ክፍሎችም ውጤቱ ለመንደሩ ሽማግሌዎች በጌዴኦ ቋንቋ፥ ለመሥሪያ ቤቱም በአማርኛ እንዲጻፍ ያድርጉ። በዚህ መንገድ የተማረ ልጅ ከይርጋጨፌ ቢወጣም የማሰብን ዘዴ ይዞ ይሄዳል፤ ቢቀርም ለወንዙ ተቆርቋሪ ይሆናል።

ጓደኞቻችንና መምህሮቻችን ይህን አስተያየት እንዲነቅፉልን እንለምናለን። ነቀፋው ግን ከየትምህርት ክፍሉ ለየብቻ ሳይሆን ተመካክሮ እንዲመጣ ምኞታችን ነው፤ እኛም በዩኒቨርሲቲ ያለነው በዚያው ግድግዳ ተለያይተን መቀመጣችንን አንዘነጋምና።