የፈራኢድ ሠንጠረዦች አዘገጃጀት፦ ሂሳዊ ምልከታ

ስለ ፈራኢድ በሚዘጋጁ ጥናቶች የወራሾችን ድርሻ በሠንጠረዥ ማቅረብ የተለመደ ነው። ልማዱ አዲስ አይደለም፤ ቀደምት ዑለማዎችም ሙናሰኻትን፣ ማለትም ተከታታይ ሞት ያለበትን ውርስ፣ በመስመር በተከፋፈለ ሠንጠረዥ ያሰሉ ነበር። ረጅሙን ሐተታ በአንድ ዕይታ ስለሚያስጨብጥ አቀራረቡን እንደግፋለን። ቅሬታችን በአዘገጃጀቱ ላይ ነው።

ነጥባችንን በታወቀው የሚንበሪያ መስአላ እናስረዳ። ስያሜው የመጣው ዐሊይ (ረ.ዐ) በሚንበር ላይ ሳሉ ተጠይቀው መልስ እንደሰጡበት ስለሚወሳ ነው። ሟቹ ሚስት፣ ሁለት ሴት ልጆች፣ አባትና እናት ትቷል። ሠንጠረዡ በመቶኛ ብቻ ሲዘጋጅ ለሚስት 12.5፣ ለልጆች 66.7፣ ለአባት 16.7፣ ለእናት 16.7 ተጽፎ ያበቃል። የድምር ረድፍ የለውም። ቢኖረው ኖሮ አንባቢው 112.6 የሚል ቁጥር አይቶ ይደነግጥ ነበር። ድንጋጤው ግን ይጠቅመው ነበር፤ ድርሻዎቹ ከውርሱ መብለጣቸውንና ዐውል ማስፈለጉን ይረዳ ነበርና።

ጉዳዩ የገጽ ውበት ብቻ አይደለም። አንድ ኢማም ይህንኑ ሠንጠረዥ ይዘው 270,000 ብር ለማከፋፈል ተቀመጡ እንበል። ለልጆቹ ሁለት ሦስተኛውን 180,000፣ ለአባትና ለእናት አንድ ስድስተኛ፣ ማለትም ለእያንዳንዳቸው 45,000 ቢሰጡ ገንዘቡ ያልቃል። ለባልቴቲቱ ምንም አይተርፍም። በዐውል ሲሰላ ግን 30,000 ብር ይደርሳታል። ትክክለኛው ሠንጠረዥ የሚከተለውን ይመስላል።

የሚንበሪያ መስአላ፦ ከቀብር ወጪ፣ ከዕዳና ከኑዛዜ በኋላ የቀረ ውርስ ክፍፍል

| ወራሽ | የተደነገገ ድርሻ | ከ24 | ከዐውል በኋላ (ከ27) |
|---|---|---|---|
| ሚስት | 1/8 | 3 | 3 |
| ሁለት ሴት ልጆች | 2/3 | 16 | 16 |
| አባት | 1/6 | 4 | 4 |
| እናት | 1/6 | 4 | 4 |
| ድምር | | 27 | 27 |

ከዚህ አራት ነገሮችን እንወስዳለን። አንደኛ፣ ድርሻ በክፍልፋይ ይጻፍ፤ መቶኛ ካስፈለገም ተጨማሪ ዓምድ ይሁን። ሁለተኛ፣ የድምር ረድፍ አይቅር፤ ስህተትን ቀድሞ የሚያጋልጠው እርሱ ነው። ሦስተኛ፣ ርዕሱ የሚከፈለው ሀብት የትኛው እንደሆነ ይናገር። አራተኛ፣ ሠንጠረዡ የቆመበት አቋም ይገለጽ፤ ዐውልን አብዛኞቹ ዑለማዎች ሲቀበሉት ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) የተለየ አስተያየት እንደነበራቸው የታወቀ ነውና።

«ማብራሪያው በጽሑፉ ውስጥ አለ» የሚል መልስ ሊቀርብ ይችላል። መልሱ እውነት አለው፤ ነገር ግን አይበቃም። መምህሩ ሠንጠረዡን በሰሌዳ ላይ ይገለብጡታል፤ ኢማሙም ገጹን በስልክ ፎቶ አንሥተው ወደ ሐዘን ቤት ይዘውት ይሄዳሉ። ሐተታው ከመጽሐፉ ጋር ቤት ይቀራል። ስለዚህ ሠንጠረዥ ብቻውን ሲነበብም የማያሳስት መሆን አለበት።

የወራሾች ድርሻ በሱረቱ አን-ኒሳእ የተደነገገ ነው። የእኛ የጸሐፊዎች ፈንታ ድንጋጌውን ሳናጎድል ለአንባቢ ማድረስ ነው፤ ይህም አማና ነው። አንድ ረድፍ መዝለል ቀላል ይመስላል፤ ዕዳው ግን በባልቴቲቱ ላይ ይወድቃል።